ጉልበቴ ድኗል ተብያለሁ፣ መዝለል ግን ፈራሁ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በታዳጊ ሴቶች ቡድን ውስጥ መሃል ተከላካይ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻለኛል መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ የማዕዘን ምት ሲሻማ በቴስታ ልመታ ዘለልኩ። ማንም አልነካኝም። ሳርፍ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈና "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማታ ከማበጡ የተነሣ ሱሪዬ አልወልቅ አለ። መጀመሪያ ወገሻ ጋ ወሰዱኝ፤ ሲያሸኝ ባሰብኝ። በኋላ ኤምአርአይ ተነሥቼ ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተበጥሷል ተባለ። አጎቴ ከውጭ ብር ልኮልን አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆንኩ።

አሁን ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪሙ "ድነሻል፣ ተጫወቺ" ብሎኛል። ልምምድም ጀምሬያለሁ። ግን ኳስ በአየር ሲመጣ ሰውነቴ እምቢ ይላል። አንድ ቀን አሰልጣኛችን በሁሉም ፊት "የአንቺ ጉልበት ድኗል፣ የተበጠሰው ልብሽ ነው" አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ታኬታዬን ሳላወልቅ ወደ ቤት ሄድኩ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገርም አለ። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ጓደኛዬ ናት። ጥሩ ስትጫወት ደስ አይለኝም። አንዳንዴ እንድትሳሳት እመኛለሁ፤ ከዚያ ራሴን እጠላለሁ። የቡድኑን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። የሰፈር ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ "ጉልበትሽስ?" ብቻ ነው። እናቴ "እግዜር አላለውም፣ ትምህርትሽን ያዢ" ትለኛለች። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። የአርሴናልን ጨዋታ ማየት እንኳ አስጠልቶኛል። ኳሱን ልተወው? ወይስ እውነትም ፈሪ ሆኜ ነው?

ተከላካይዋ፣ ከሐዋሳ

*

እህቴ፣

ፈሪ አይደለሽም። አሰልጣኝሽ ተሳስቷል፤ በሰው ፊት መናገሩ ደግሞ ይበልጥ ከፍቷል። የተጎዳሽው ሁልጊዜ የምታደርጊውን ነገር ስታደርጊ ነው። ማንም ሳይነካሽ፣ ዘለሽ ስታርፊ። ሰውነትሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ በአየር ሲያይ አደጋ መጣ ይላል። በቁጣና በስድብ ይህን ማስረሳት አይቻልም።

ብቻሽንም አይደለሽም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የተመለሱት ስፖርተኞች 65 በመቶ ገደማ ናቸው። ካልተመለሱት ብዙዎቹ የሚያነሡት ምክንያት ያንቺው ነው፦ ድጋሚ እጎዳለሁ የሚል ፍርሃት። ባለሙያዎች ይህን ፍርሃት የሚለኩበት 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አላቸው። እንደ ጡንቻ ጥንካሬ የሚለካና የሚታከም ነገር ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። "ድነሻል" ሲሉሽ ምን ለክተው ነው? ቁስሉን አይተው ብቻ ከሆነ አይበቃም። ወደ ሜዳ ለመመለስ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቢያንስ 9 ወር መጠበቅ አለበት፤ ይህንን አልፈሻል። የተጎዳው እግር ጥንካሬ ግን ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። በአንድ እግር እየዘለሉ የሚፈተኑበት ምርመራም አለ። ወጣት ሆነው የሚመለሱ ልጆች ድጋሚ የመጎዳት ዕድላቸው ከትልልቆቹ ይበልጣል። ስለዚህ ፍርሃትሽ እውነት ይዞ ሊሆን ይችላል። እግርሽ ገና ደካማ ከሆነ እምቢ ማለቱ ልክ ነው። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ጋ ሄደሽ "ለኪኝ" በያት።

ምርመራውን ካለፍሽ ፍርሃቱን ራሱን እናሠልጥነው። ደብተር ያዢ። መጀመሪያ ኳስ የለም፣ ሰው የለም። ከአንዲት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ውረጂና በሁለት እግርሽ እረፊ። ጉልበትሽን ትንሽ እጠፊ፤ ከእግር ጣቶችሽ አቅጣጫ ሳይወጣ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ። ከዚያ ፍርሃትሽን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪውና ጻፊው። 7 ከሆነ ነገም እዚያው ነሽ። 2 ወይም 3 ሲደርስ ወደ ቀጣዩ እለፊ፦ ቆመሽ ዘለሽ ማረፍ፣ በአንድ እግር ማረፍ፣ ሰው ቀስ አድርጎ የወረወረልሽን ኳስ በቴስታ መምታት፣ አጠገብሽ ሰው ቆሞ መዝለል፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ መዝለል። የማዕዘን ምት የመጨረሻው ነው። አሰልጣኝሽ ያደረገው ከመጨረሻው አስጀምሮሽ ለምን አልቻልሽም ማለት ነው። ጉልበትሽ ካበጠ ወይም ከከዳሽ አቁሚና ለፊዚዮዋ ንገሪያት።

ኳሱን ማን ይወርውርልሽ? እኔ ብሆን ያቺን በቦታሽ የገባችውን ጓደኛሽን እጠይቃለሁ። ቅናቱን ልትነግሪያት አትገደጂም። የምትወጂውን ነገር ስታጪ ያንን የያዘ ሰው ቢያስቀናሽ ክፉ አያደርግሽም። ግን ከቡድኑ በራቅሽ ቁጥር እሷ በሐሳብሽ ውስጥ ጠላት ትመስልሻለች። አብራችሁ ላብ ስታፈሱ ጓደኛሽነቷ ይመለሳል። የቴሌግራሙንም ድምፅ ክፈቺው።

አርሴናልን ካነሣሽ፣ የሴቶች ቡድኑ ተጫዋች ቤዝ ሚድ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ይኸው ጅማት ተበጥሶባታል። የቡድን ጓደኛዋ ሊያ ዊሊያምሰን ደግሞ በሚያዝያ 2023። ሁለቱም የ2023 የዓለም ዋንጫ አምልጧቸዋል። በግንቦት 2025 አርሴናል ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፎ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ሁለቱም ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ለጎሏ ኳሱን ያቀበለችው ሚድ ናት። እነሱ ያላቸው ሐኪምና ገንዘብ አንቺ ጋ የለም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ከቤት ደረጃና ከደብተር የጀመርኩልሽ።

ለአሰልጣኝሽ የምለው አለኝ። በተመሳሳይ ስፖርት ውስጥ ሴቶች ከወንዶች በበለጠ ይህን ጅማት ይጎዳሉ። ፊፋ ያወጣው 11 ፕላስ የሚባል የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ። በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ሲሠራ በታዳጊ ሴቶች ላይ ጉዳት እንደሚቀንስ ታይቷል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ይህንን አሳዪው፤ ቡድኑ በሙሉ ይሥራው።

ስለ እንቅልፉ ግን ዝም አልልም። አለመተኛቱና ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ። መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ቀን አትቁጠሪ፤ ያን ዕለቱን ለእናትሽ ንገሪና አብራችሁ ሂዱ።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ። ምርመራውንም ደረጃዎቹንም ጨርሺ። ከዚያ በኋላ ትምህርቴን ብቻ ልያዝ ካልሽ፣ መርጠሽ ነው የተውሽው። እስከዚያ ለእናትሽ "ስለ ጉልበቴ ሳይሆን ስለ እኔ ጠይቂኝ" በያት። እናት ናት፣ ይገባታል።