«ልዩነት የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሻይ ስጠጣ አንድ የሳይኮሎጂ ተማሪ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። የመመረቂያ ጥናቱን ሊያስገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ላፕቶፑን ከፈተና «ቲቸር፣ ፒ ቫልዩዬ .09 ሆነብኝ። ልዩነት የለም ብዬ ልለፈው?» አለኝ። ፒ ቫልዩ ማለት፣ እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ነው፤ በልማድ ከ.05 ሲያንስ «ሲግኒፊካንት» ይባላል።

ወዲያው አልመለስኩለትም። ከብዙ ዓመት በፊት ይህንኑ የጠየቀችኝ ተማሪ ነበረች። ለእሷ የሰጠኋት መልስ እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል።

አማካሪዋ ነበርኩ። እዚሁ ሐዋሳ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ፈተና ሲደርስ የሚጨነቁ ልጆች ላይ ነበር የምትሠራው። ልጆቹ 36 ናቸው። 18ቱ ለስድስት ሳምንት ከትምህርት በኋላ ምክርና የአጠናን ዘዴ አገኙ። 18ቱ እንደወትሯቸው ቀጠሉ። ቅዳሜ ሳይቀር በባጃጅ እየተመላለሰች ነው ያስተማረቻቸው። መጨረሻ ላይ ውጤቱን አትማ ቢሮዬ መጣች። የሁለቱን ቡድን አማካይ የሚያነጻጽረው ቲ ቴስት ሲግኒፊካንት አልሆነም። ፒው ከ.05 ትንሽ አለፍ ብሏል። እሷ ግን የሁለቱን ቡድን አማካይና ስታንዳርድ ዲቪየሽን (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ) በሰንጠረዥ ቁልጭ አድርጋ አስቀምጣለች።

ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ሰንጠረዡን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዝኩት። ኅዳጉ ላይ «ልዩነት የለም። አሳጥሪ» ብዬ ጻፍኩ።

«ቲቸር፣ ልጆቹ ግን ተለውጠዋል እኮ። በዓይኔ አይቻለሁ» አለችኝ።

«ሪሰርች በዓይን አይሠራም» አልኳት።

ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። አሳጥራ አስገባች። ዲፌንሷንም በጥሩ ውጤት አለፈች።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ የዚያን ትምህርት ቤት ካውንስለር አገኘሁት። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ይሻማሉ፤ እኛ ፌስታላችንን እንዳንጠለጠልን ወሬ ያዝን። ያ የምክር ፕሮግራም እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። «ተውነው እኮ» አለኝ። «የእናንተ ጥናት ለውጥ የለውም ስላለ ሰዓቱ ለሌላ ነገር ተሰጠ።»

ቤት ገብቼ የጥናቷን ኮፒ አወጣሁ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደነበር ማየት ፈልጌ ነበር። ገጹ ላይ ያለው «ፒ > .05፣ ልዩነት የለም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። አማካዮቹን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም ሰው ከዚያ ወረቀት ተነስቶ ልዩነቱ ትንሽ ይሁን ትልቅ ማስላት አይችልም።

«ልዩነት የለም» እና «ልዩነት ለመኖሩ በቂ ማስረጃ አላገኘንም» አንድ አይደሉም። በ18 እና 18 ልጅ፣ መካከለኛ የሚባል እውነተኛ ልዩነት ቢኖር እንኳ ቴስቱ የሚይዘው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ክፍል ውስጥ አስተምረው ነበር።

ቲ ቴስት ራሱ የተወለደው ለትንሽ ናሙና ነው። ዊልያም ጎሴት የሚባል በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ በፈረንጆቹ 1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያወጣው ነው። እኔ የተማርኩት በእጅ እያሰላሁ ነው። መምህራችን ሰሌዳውን በጠመኔ ሞልቶ ሲያበቃ መጽሐፉ ጀርባ ካለው ሠንጠረዥ በጣታችን እየተከተልን ወሳኙን ቁጥር እንፈልጋለን። ያቺ .05 ደግሞ ከሰማይ አልወረደችም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በፈረንጆቹ 1925 ባወጣው መጽሐፉ ለሥራ አመቺ ወሰን ናት ብሎ የተጠቀመባት ናት።

እንግዲህ ለማሳያ እንዲህ እንበል። ምክር ያገኙት ልጆች የጭንቀት አማካይ 41.2 ነው፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 9.6። ያላገኙት 46.8፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 9.9። ከዚያ ቀጥሎ፦ ቲ(34) = 1.72፣ ፒ = .09፣ ዲ (በስታንዳርድ ዲቪየሽን የተለካ የልዩነቱ መጠን) = 0.57፣ የልዩነቱ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለው ክልል) ከ−1.0 እስከ 12.2። ይህ በወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነው። አንባቢው ዜሮም ውስጡ እንዳለ፣ የ12 ነጥብ ልዩነትም ውስጡ እንዳለ ያያል። ዲው ደግሞ ከመካከለኛ እንደማያንስ ይነግረዋል። እንዲህ ተጽፎ ቢሆን ትምህርት ቤቱ «እስቲ በብዙ ልጅ እንሞክረው» ይል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ ፒ .000 ነው ሲላችሁ ፒ < .001 ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ማለት አይደለም፣ ፕሮግራሙ አጠጋግቶት ነው። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው 7ኛው የኤፒኤ (የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር) የአጻጻፍ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ትክክለኛውን ፒ እንድትጽፉ ይጠይቃል። የቀረውን ፎርማት ከመመሪያው ታገኙታላችሁ። እኔን ፎርማት ብዙም አያሳስበኝም። ግን .09 በሚለው ፋንታ 0.09 የጻፈ ተማሪ ሳይ ሳላርም አላልፍም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሁን ዳታችሁን በቴሌግራም ለሰው ልካችሁ የተሠራ ውጤት የምትቀበሉ በዝታችኋል። ቁጥሩን ራሱ ያልነካ ሰው አማካሪው ሲሰርዝበት ምን ብሎ ይከራከራል? እሷ ግን ተከራክራኝ ነበር። የትኛውን ወረቀት የትኛው ልጅ እንደሞላው ስለምታውቅ ነው የተከራከረችኝ። እርግጥ ከእናንተም ውስጥ እንደ እሷ ያሉ አሉ፤ ያ ልጅ ፍቅር ሐይቅ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ ዳታውን ራሱ ሰብስቦት ነው።

ሁለቱን መስመር ላፕቶፑ ላይ ጻፍኩለት። አነበበና «ረዘመ ቲቸር፣ አድቫይዘሬ ይቆርጠዋል» አለኝ።

ቢቆርጥብህ ሙሉውን ሰንጠረዥ አባሪ ላይ አስቀምጠው አልኩት። የእሷ ጥናት አባሪ ቢኖረው፣ ያን ቀን ለካውንስለሩ የማሳየው ነገር ይኖረኝ ነበር።