«ገንዘቤ ተይዟልና ታገሺኝ»፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢቤይ (የኢንተርኔት መገበያያ) ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ በ380 ዶላር ገዛሁ። በመጨረሻ ይደርሳል የተባለው ኤፕሪል 4 ነበር፤ ዛሬ 16 ቀን አልፎታል። ትራኪንጉ (ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያሳየው መከታተያ) «ሌብል ተዘጋጅቷል» ከሚለው ፈቀቅ አላለም። ሻጩን ስጠይቀው «ኢቤይ ገንዘቤን ይዞብኛል፣ ሁለት ሳምንት ታገሺኝ» ይላል። ልጠብቀው?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይጠብቁት፤ ዛሬውኑ አቤቱታ ይክፈቱ። የኢቤይ የገዢ ዋስትና የሚያገለግለው ይደርሳል ከተባለው የመጨረሻ ቀን በኋላ ለ30 ቀን ብቻ ነው። የእርስዎ ሜይ 4 ያበቃል። ሻጩ የለመነዎትን ሁለት ሳምንት ቢሰጡት የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። አስቦበት ይሁን ሳያስብ፣ ለእርስዎ ጉዳቱ ያው ነው።

ክፍያው መያዙ እውነት ሊሆን ይችላል። ኢቤይ የአዲስ ሻጮችን ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያል። የሚለቀው ግን ዕቃው ገዢው ዘንድ መድረሱ ሲረጋገጥ ስለሆነ፣ ሻጩ ባልላከ ቁጥር የራሱን ገንዘብ ያዘገያል እንጂ አያስለቅቅም። እርስዎ ከፍለዋል፤ የመላኪያውን ወጪ መሸፈን የእሱ ግዴታ ነው።

«ሌብል ተዘጋጅቷል» ማለት አድራሻዎ ያለበት ወረቀት ታተመ ማለት ብቻ ነው። ፖስታ ቤቱ ካርቶኑን ተረክቦ ስካን ሲያደርገው ከከተማ ስምና ከሰዓት ጋር አዲስ መስመር ይወጣል። በ16 ቀን ውስጥ ያ መስመር ካልታየ ዕቃው ገና ሻጩ ቤት ነው ብለው ይያዙት።

አከፋፈቱ ቀላል ነው። የገዟቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ላፕቶፑን ይምረጡና ዕቃው አልደረሰኝም የሚለውን ይጫኑ። ሻጩ 3 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። ካልፈታው ተመልሰው ኢቤይ ጣልቃ እንዲገባ ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፦ አቤቱታውን ከፍቶ ይረሳዋል። ኢቤይን ለመጥራት ያለዎት ጊዜ ከከፈቱበት ቀን አንስቶ 21 የሥራ ቀን ነው። ሻጩ «መጀመሪያ ዝጊው፣ ከዚያ በዜል እመልስልሻለሁ» ቢልዎት (ዜል ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ ነው) እሺ አይበሉ፤ የተዘጋ አቤቱታ እንደገና አይከፈትም።

የከፈሉት በክሬዲት ካርድ ከሆነ ሌላም በር አለ። በአሜሪካ ሕግ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት (የካርዱ ወርሃዊ ሂሳብ) ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው ባንክ በጽሑፍ መቃወም ይችላሉ። ይህ ሕግ ዴቢት ካርድን አያካትትም፤ ከማያውቁት ሻጭ ሲገዙ ክሬዲት ካርድ የምንመክረው ለዚህ ነው። ኢቤይንና ባንኩን ግን በአንድ ጊዜ አይሞክሩ። መጀመሪያ ኢቤይን ይጨርሱ፤ 60ው ቀን እንዳያመልጥዎ ግን ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ትራኪንጉ «ደርሷል» ይላል፤ በሬ ላይ ግን ምንም የለም።
(ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጎረቤትና የሕንፃውን ቢሮ ጠይቀው ካጡት፣ በዚያው ሳምንት ትራኪንግ ቁጥሩን ይዘው ሰፈርዎ ወዳለው ፖስታ ቤት ይሂዱ። ፖስታ አዳዩ ስካን ያደረገበት ቦታ በጂፒኤስ ይመዘገባል፤ ካርቶኑ የቱ በር ላይ እንደተቀመጠ እንዲያዩልዎ ይጠይቁ። አጭበርባሪ ሻጭ አንዳንዴ ባዶ ፖስታ በእርስዎ ዚፕ ኮድ (የአካባቢው ፖስታ ቁጥር) ውስጥ ላለ ሌላ ቤት ይልካል። ገዢው የሚያየው ትራኪንግ ከተማውንና ዚፕ ኮዱን ብቻ ስለሚያሳይ እውነት ይመስላል። አድራሻው የእርስዎ አለመሆኑን ፖስታ ቤቱ በጽሑፍ ከሰጠዎት ከአቤቱታው ጋር ያያይዙት። ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሻጩ የተረካቢ ፊርማ ማቅረብ አለበት።

ጥያቄ፦ ከኢቤይ የምገዛውን ዕቃ አሜሪካ ያለች እህቴ ጋ አስልኬ በመንገደኛ አዲስ አበባ ላስመጣ አስቤያለሁ። ዋስትናው ይሠራል?

መልስ፦ ከእህትዎ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ አድራሻ ከተላከ በኋላ አይሠራም። ስለዚህ ዕቃው እንደደረሰ እህትዎ ካርቶኑን ትክፈተው፤ ሶኬት ላይ ሰክታ ታብራው፤ ስክሪኑንና መለያ ቁጥሩን ፎቶ ታንሳ። ጉድለት ካለው ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ30 ቀን ውስጥ በኢቤይ ማስታወቅ አለብዎት፤ መልሳ ለሻጩ መላክ የምትችለውም እሷ ናት። መንገደኛ እስኪገኝ ድረስ ታሽጎ ከቆየ ቀኑ ያልፋል።