ከሰሉ ነው ወይስ ምች?

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ስሸጥ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ፊት ለፊቴ የባጃጅ ተራ አለ፤ ከሥሬ የከሰል ምድጃዬ። ከሰሉ ቶሎ እንዲይዝልኝ ፌስታል ጣል አደርግበታለሁ። ማታ ፊቴን በእርጥብ ሶፍት ስጠርገው ሶፍቱ ይጠቁራል።

ከልጅነቴ ክርኔ መታጠፊያ ላይ ችፌ ነበረብኝ። አሁን አንገቴ ላይ ወጥቶ ሲያሳክከኝ ያድራል። ጉንጬ ላይ ደግሞ ማድያት ወጣብኝ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ትጨምቅብኛለች። ጎረቤቴ የሰጠችኝ ክሬም በሳምንቱ አጠራልኝ፤ ስተወው ግን ብሶበት ይመለሳል። ይኸው አራት ወር ተቀባሁት። አንዷ ደንበኛዬ «አየሩ ነው» አለችኝ። አየር ቆዳ ያሳምማል እንዴ?

ባለ ጀበናዋ

እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱ መባባል ስለማይሆንልን አንቺ ልበልሽ። ደንበኛሽ አልተሳሳተችም።

ጭስና አቧራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ብናኝ አለ። ደቃቁ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም፤ ሠላሳው ቢደረደር የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢያክል ነው። የሚብሰው ተሸክሞት የሚመጣው ነው፦ ከተቃጠለ ነገር የወጣ ኬሚካልና ብረት። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ይቆጣል፣ እርጥበት የሚይዘው የላይኛው ሽፋን ይጎዳል። ችፌ ያለበት ሰው ሽፋኑ ድሮም ስስ ነው። ያሳክክሻል፣ ታኪዋለሽ፣ ስታኪው ጭራሽ ይከፈታል።

ማድያቱን ግን በጭስ ብቻ አላሳብብም። ዋናው የድሬ ፀሐይ ነው፤ እርግዝናና የወሊድ መከላከያም ያመጡታል። በፈረንጆች 2010 የወጣ የጀርመን ጥናት 400 አሮጊቶችን አይቶ፣ የመኪና ጥላሸት ሲጨምር ግንባርና ጉንጭ ላይ 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጥቁር ነጠብጣብ አግኝቷል። የነሱ የዕድሜ ነጠብጣብ ነው እንጂ ማድያት አይደለም። ቢሆንም ጭስ ከቀለም ጋር ጉዳይ እንዳለው ያሳያል።

አቦ፣ ፌስታሉን ተዪው! የፕላስቲክ ጭስ ለሳንባሽም መርዝ ነው። ከሰሉን ራቅ አድርገሽ በደረቅ ጭራሮ አያይዢና ፍም ሲሆን አምጪው። ምድጃውን ነፋሱ ጭሱን ካንቺ በሚወስድበት በኩል አድርጊ። ጃንጥላ ዘርጊ። ማታ በለስላሳ ሳሙና አንዴ ታጠቢና ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀቢ። መፈግፈግ የለም፤ ሶፍቱ ጠቆረ ብለሽ ቆዳሽን አትላጪው። የተላጠው ላይ ዳማ ከሴም ይቅር፣ እናትሽን በዘዴ አባብያት።

እኔን ከጭሱ በላይ ያስፈራኝ ክሬሙ ነው። በሳምንት አጥርቶ ሲተዉት ብሶ የሚመለስ ክሬም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት አለበት። ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ደም ስር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። እንዴት እንደምታቆሚው የቆዳ ሐኪም ይንገርሽ። ስትሄጂ ክሬሙን ከነዕቃው ያዢ፤ ጽሑፉ ቢለቅም ያዢው።