ስኩተሩን በአፕ 20 ላይ መገደብ ሕጋዊ ያደርገዋል?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስኩተር ከአንድ ሰው ገዛሁ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ኢንሹራንስ በኢንተርኔት ልገባ ስል የአ.ቤ.ኤ. ቁጥር አስገባ ይለኛል፤ እኔ ምንም ወረቀት አልተሰጠኝም። ሻጩን ስጠይቀው ‹በአፑ 20 ላይ ገድበው፣ ስቲከሩን ከሌላ ስኩተር ላይ ታገኛለህ› አለኝ። ሥራዬ የሌሊት ስለሆነ ከባቡር ጣቢያ የሚያደርሰኝ ነገር የግድ ያስፈልገኛል። ልንዳው?»

አትንዳው ወንድሜ። ከዚህ በታች የምነግርህን አይተህ እስክትጨርስ ከቤት አታውጣው።

ጀርመን ኤሌክትሪክ ስኩተር መንገድ ላይ እንዲወጣ የፈቀደችው ከጁን 15 ቀን 2019 ጀምሮ ነው። መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፣ 14 ዓመት የሞላው ሁሉ ይነዳዋል፣ ሄልሜትም ግዴታ አይደለም። ይህን ያየ ሰው ከብስክሌት ለይቶ አያየውም። ሕጉ ግን ስኩተርን የሚቆጥረው እንደ ሞተር ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር የግድ ይፈልጋል፦ አንደኛው ሞዴሉ ለመንገድ የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳየው አ.ቤ.ኤ.፣ ሁለተኛው ከኋላ የሚለጠፈው የኢንሹራንስ ስቲከር። ኢንሹራንሱ ቁጥሩን የጠየቀህ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አፑ። ሕጉ የሚለው «ከ20 በላይ አትንዳ» ሳይሆን «ከ20 በላይ እንዳይሄድ ሆኖ የተሠራ ይሁን» ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ከእግር መቆሚያው ሥር የተቀመጠው ኮንትሮለር ነው። ለጀርመን የተሠራው ስኩተር ኮንትሮለሩ ገደቡን ከፋብሪካ ይዞ ይወጣል። ያንተ ግን 25 እንዲሄድ ተሠርቶ በስልክ 20 ላይ ስለቆመ፣ አንተም ሆንክ ሌላ ሰው ቆማችሁ መልሳችሁ ልትከፍቱት ትችላላችሁ። በአንዳንዶቹ ላይ አፕም አያስፈልግም፤ መሪው ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይዞ መጫን የተደበቀውን ማስተካከያ ይከፍተዋል። ይህን ፖሊሶቹም ያውቁታል። ተሽከርካሪውን ጭነው ጎማውን እያሽከረከሩ ፍጥነቱን የሚለኩበት ተንቀሳቃሽ ሮለር ያላቸውም አሉ። እንዲያውም በትክክል 20 ላይ ቢቆም እንኳ ፈቃድ የሌለው ሞዴል በመገደቡ ብቻ ፈቃድ አያገኝም።

ዛሬውኑ ይህን አድርግ። ስኩተሩን አጥፋው፣ አጣጥፈህ በጎኑ አስተኛውና እርጥብ ጨርቅ ያዝ። የፋብሪካው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእግር መቆሚያው ሆድ ሥር ወይም መሪው ከሚታጠፍበት አጠገብ ነው፤ ጭቃ ስለሚሸፍነው ብዙ ሰው «የለውም» ብሎ ይመጣል። ሲጠረግ የአምራቹን ስም፣ የሞዴሉን ዓይነት፣ የሻሲ ቁጥሩን፣ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚለውን ገደብና የአ.ቤ.ኤ. ቁጥሩን ማንበብ አለብህ። የሲኢ ምልክት ብቻ ካየህ አትደሰት፤ እሱ ዕቃው በአውሮፓ ለገበያ እንዲቀርብ እንጂ መንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም። ሞዴሉን ደግሞ ፍሌንስቡርግ ያለው የተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት፣ ክራፍትፋርት ቡንደስአምት፣ ከሚያወጣው የተፈቀዱ ሞዴሎች ዝርዝር ጋር አስተያየው። ስሙ አንድ ሆኖ የጀርመኑና የሌላ አገሩ ምርት የሚለያይበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ሰሌዳውን እመን።

ሰሌዳው ላይ 20 እና አ.ቤ.ኤ. ተጽፎ ስኩተሩ 25 ከሄደ፣ ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ሶፍትዌሩን ነካክቶታል ማለት ነው። ይህ የሚድን ችግር ነው። የአምራቹ ጥገና ቤት የመጀመሪያውን ሶፍትዌር ይመልስልህና በጽሑፍ ይስጥህ። በዚያው ሁለቱን ፍሬኖች ለየብቻ አስፈትሻቸው፤ ሕጉ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ብቻውን የሚይዝ ሁለት ራሱን የቻለ ፍሬን ይፈልጋል። የፊትና የኋላ መብራቱን፣ የጎን አንጸባራቂውንና ደወሉንም እይ።

ሰሌዳው ከሌለ ለአንዷ ስኩተር ብቻ ቲዩፍ በሚባለው የተሽከርካሪ ምርመራ ድርጅት በኩል ልዩ ፈቃድ የማውጣት መንገድ አለ ይሉሃል። አለ፤ ነገር ግን የፍሬን፣ የባትሪና የኤሌክትሪክ ምርመራ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ወጪው የስኩተሩን ዋጋ ጥሎ ያልፋል። እኔ ማንንም አልመክርም። በግል ግቢ ብቻ ልትነዳው ትችላለህ፤ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ግን ማንም ስለሚገባበት እንደ ሕዝብ መንገድ ነው የሚቆጠረው።

የሻጩ ሁለተኛ ምክር ከሁሉም የከፋ ነው። ያለ አ.ቤ.ኤ. መንዳት 70 ዩሮ ቅጣት ነው፤ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ግን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው። የሌላ ስኩተር ስቲከር መለጠፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ይጨምርብሃል። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ብዙዎቻችን የዜግነት ማመልከቻ አስገብተን የምንጠብቅ ስለሆንን ነው። በወንጀል ተጠርጥረህ ምርመራ ከተከፈተብህ፣ ምርመራው እስኪያልቅ የዜግነት ውሳኔው ይቆማል። ሰው ገጭተህ ካቆሰልክም ለሕክምናው የምትከፍለው ከኪስህ ነው፤ የቤት ኢንሹራንሱም ሆነ የግል ተጠያቂነት ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይሸፍንም።

ሕጋዊው እጅህ ሲገባ ስቲከሩ ከማርች 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ብቻ እንደሚሠራ አትርሳ። ቀለሙ በየዓመቱ ስለሚቀየር ያለፈበት ስቲከር ከሩቅ ይታያል። የኋላው ፓራፋንጎ ተሰብሮ ከተቀየረም ስቲከሩ ሲላጥ ይበጣጠሳል፤ አዲስ ከኢንሹራንሱ ጠይቅ። የብስክሌት መንገድ ካለ በእሱ፣ ከሌለ በመኪናው መንገድ ሂድ፤ በእግረኛው ላይ አይነዳም። ሁለት ሰውም አይሳፈርበትም። ከሌሊት ሥራ ስትወጣ ባልደረቦችህ ቢራ ቢጋብዙህ፣ በአልኮል ላይ የሚሠራው ሕግ የመኪናው እንደሆነ እወቅ፦ በደም ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.5 ፕሮሚል (ከሺህ 0.5 እጅ) ጀምሮ ቅጣት፣ ከ1.1 ጀምሮ ወንጀል፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ጭራሽ ዜሮ። ታክሲ ወይም ዕቃ ማድረስ ላይ የሚሠራ ሰው በስኩተር ተይዞ የመኪና መንጃ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል።

ገንዘብህን ስለማስመለስ፦ ማስታወቂያው «የመንገድ ፈቃድ አለው» ይል ከነበረ ሳይጠፋ ፎቶ አንሳውና ለሻጩ በጽሑፍ መልሶ እንዲቀበልህ ጠይቅ። የግል ሻጭ «ዋስትና የለም» ብሎ ቢጽፍም፣ አለ ያለው ነገር ከሌለ ማምለጫ አይሆነውም። እምቢ ካለህ ፈርብራውኸርጸንትራለ ወደሚባለው የሸማቾች ምክር መስጫ ሄደህ አማክራቸው። ለሚቀጥለው ግዢ ደግሞ ገንዘብ ከመስጠትህ በፊት የፋብሪካውን ሰሌዳ ፎቶ አስልክ፤ ካልላከልህ ለማየትም አትሂድ።