ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚገቡ ትንንሽ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰሮች፦ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ ጥገና የምሠራ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ብረት ሲቀርባቸው ሳይነኩ ስለሚያውቁት ሴንሰሮች፣ በተለይ ስለ ትንንሾቹ፣ የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

እቃው ከእርሳስ የቀጠነ ነው፤ ግን አንድ መስመር ሙሉ ያቆማል። መለዋወጫውም ከሰፈር ሱቅ የሚነሳ አይደለም። ስለዚህ «ተቃጥሏል» ከማለታችን በፊት እንለካ፤ ከሁሉም መልሶቼ ጀርባ ያለው ሐሳብ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ሳይነካ እንዴት ያውቃል? «ትንሽ» ሲባልስ ምን ያህል ነው?

ፊቱ ውስጥ በፌራይት (ማግኔታዊ መስክ በሚያጠናክር ጥቁር እምብርት) ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ። ኦሲሌተር የሚባለው የውስጥ ሰርኪዩት በዚያ ሽቦ ውስጥ በጣም በፍጥነት የሚመላለስ ጅረት ይነዳል። ከፊቱ ትንሽ ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል። ብረት እዚያ ሲገባ በብረቱ ገጽ ላይ የሚሽከረከር ጅረት ይነሳል። ጉልበቱን የሚበላው ከሽቦው ነው። ንዝረቱ ይደክማል፤ ሰርኪዩቱ ድካሙን አይቶ አውትፑቱን፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚሰጠውን ሲግናል፣ ይቀይራል። ፕላስቲክና ካርቶን የማያየው ለዚህ ነው።

በብዛት የምናውቃቸው ኤም 12 እና ኤም 18 ናቸው፤ ቁጥሩ የውፍረቱ ሚሊሜትር ነው። ትንንሾቹ ኤም 8፣ ኤም 5፣ ኤም 4 ናቸው። የብሎን ጥርስ የሌላቸው፣ 3 ሚሜ ውፍረት ያላቸውም አሉ። ፊቱ ባነሰ ቁጥር የሚያይበት ርቀት ያንሳል። ከብረት ጋር እኩል የሚቀበረው ኤም 18 በተለምዶ 5 ሚሜ ያያል። ኤም 8 1.5 ወይም 2 ሚሜ ነው። ኤም 5 ብዙውን ጊዜ 0.8 ወይም 1 ሚሜ ነው። ችግሮቻችን በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚች ከአንድ ሚሊሜትር ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ የካርቶን ማሸጊያ ማሽን ላይ በአየር የሚሠራ መያዣ አለን። ሴንሰሩ ኤም 5 ነው፣ 0.8 ሚሜ ይላል። ጠዋት ይሠራል። ከሰዓት አንዴ ያነባል፣ አንዴ ይስታል። ሁለቴ ቀይረናል። ሦስተኛ ልዘዝ?

አትዘዝ ወንድሜ። አብሽር፣ ሴንሰሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም።

ያ 0.8 የተለካው 1 ሚሜ ውፍረት ባለው፣ አራት ማዕዘን በሆነ ተራ ብረት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሙቀቱ ይለዋወጣል። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። ሴንሰር ከሴንሰርም ትንሽ ይለያያል። ይህ ሁሉ ታስቦ፣ በአይኢሲ 60947-5-2 ዓለም አቀፍ ደንብ «በእርግጠኝነት ያነባል» የሚባለው ከተጻፈው ርቀት 81 በመቶው ነው። ለአንተ 0.65 ሚሜ ማለት ነው። እኔ ስተክል የምይዘው ይህን ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ከፊቱ የሚመጣው ምላስ፣ ማለትም ሴንሰሩ የሚያነበው የመያዣው ብረት፣ ከምን እንደተሠራ እይ። ተራ ብረት ከሆነ 0.65 ይበቃሃል። አይዝጌ ብረት ከሆነ በ0.7 ገደማ አባዛው። ናስ ከሆነ በ0.45 ገደማ፣ አሉሚኒየም ከሆነ በ0.4 ገደማ፣ መዳብ ከሆነ በ0.3 ገደማ። ትክክለኛውን ቁጥር አምራቹ በየሴንሰሩ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል።

አሁን ለካ። ማሽኑን አጥፋ፣ አየሩን ዘግተህ አስወጣ፣ ከዚያ መያዣውን በእጅህ ወደ ማንበቢያው ቦታ አምጣው። የክፍተት መለኪያ ከሌለህ ኪስህ ውስጥ አለ። የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሜ ነው። ተራው 80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ 0.1 ሚሜ ገደማ ነው። ካርዱ በሴንሰሩና በምላሱ መሃል ካለፈ ርቀህ ተክለሃል። ስድስት ወረቀት ደርበህ አስገባ። ጠበቅ ብሎ ካለፈ ለተራ ብረት ጥሩ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስህተት ነው። በሥራ መጀመሪያዬ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እንዳንተ ያለ መያዣ ገጠመኝ። ሁለት ሴንሰር ነቅዬ ጣልኩ። በሦስተኛው ቀን ምላሱን በካቻቢቴ ጫፍ ጫር አደረግሁት። ነጭ ሆኖ አበራ፤ ማግኔት ሳስጠጋበት አልያዘም። አሉሚኒየም ነበር። 0.65 በ0.4 ሲባዛ 0.26 ነው፤ ሦስት ወረቀት እንኳ አይሞላም። ጠዋት በትንሽ ልዩነት እያነበበ ነበር። ማሽኑ ሲሞቅ፣ ያረጀው ኩሽኔታ ሲወዛወዝ፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ታልቃለች። ከላሜራ ቁራጭ 1 ሚሜ ውፍረት ያላት፣ ጎንና ጎኗ 5 ሚሜ የሆነች ሳህን ቆርጬ በትንሽ ብሎን ምላሱ ላይ አሰርኩ። ክፍተቱን እንደገና አስተካከልኩ። ሠራ። የነቀልኳቸው ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ስሞክራቸው ደህና ነበሩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ አዲሱን እንደ አሮጌው ገጠምኩት። መብራቱ ይበራል፣ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዝዘው ኮምፒውተር) ግን ምንም አያይም።

የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት እህቴ። አሮጌው ፒኤንፒ ነው፣ አዲሱ ኤንፒኤን። መልካቸው አንድ ነው፤ ፊደሉ ብቻ ይለያል። ሁለቱም ላይ ቡናማው ፕላስ፣ ሰማያዊው ማይነስ፣ ጥቁሩ ሲግናል ነው። ፒኤንፒ ሲያነብ ጥቁሩ ላይ ፕላስ ያወጣል። ኤንፒኤን ጥቁሩን ወደ ማይነስ ይስበዋል። የፒኤልሲው ግብዓት ፕላስ የሚጠብቅ ከሆነ የኤንፒኤኑን ሲግናል አያየውም። በትክክለኛው ለውጪው። አንዳንድ ፒኤልሲ የጋራውን ገመድ ገልብጦ ሁለቱንም ይቀበላል። ግን እዚያ ቡድን ላይ ያሉት ግብዓቶች ሁሉ አብረው ይገለበጣሉ። ለአንድ ሴንሰር ብለሽ አትንኪው።

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ተማሪዎች ነን። 24 ቮልት ምንጭ የለንም። በባትሪ መሞከር ይቻላል?

ይቻላል። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 30 ቮልት ዲሲ ይሠራሉ። አንድ የ9 ቮልት ባትሪ አይበቃም። ሁለቱን በተከታታይ ስታያይዟቸው 18 ቮልት ይሆናል። ቡናማውን ከፕላስ፣ ሰማያዊውን ከማይነስ ጋር አገናኙ። ፒኤንፒ ከሆነ መልቲሜትሩን በጥቁሩና በሰማያዊው መሃል አድርጉ። ፊቱ ላይ ካቻቢቴ አስጠጉ። ወደ 17 ወይም 18 ቮልት ከዘለለ ደህና ነው። ኤንፒኤን ከሆነ በቡናማውና በጥቁሩ መሃል ለኩ። ብረት ሳይኖር ቮልት የሚያሳየው በተለምዶ ዝግ የሆነው ዓይነት ነው፤ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ባትሪዎቹን ስታገናኙ ፕላስና ማይነሱን ሁለቴ እዩ። በጣም ትንንሾቹ ውስጥ ቦታ ስለሌለ መከላከያው እንደ ትልልቆቹ ላይሟላ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩ ብረት ውስጥ ስለተቀበረ ሁልጊዜ ይበራል። ለምን?

ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንዱ ጎኑ የተሸፈነ ነው፤ ፊቱ ከብረቱ ጋር እኩል ሆኖ ይቀበራል። ሌላው ጎኑ ያልተሸፈነ ነው፤ አርቆ ያያል፣ ግን የጎኑንም ብረት ያያል። በዙሪያው ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ለጠባብ ቦታ የመጀመሪያውን ምረጡ። ከፊት ለፊት ያለውንም አትርሱ፤ ከዒላማው (ከሚነበበው ብረት) ጀርባ ያለው የማሽን ግድግዳ ከፊቱ የማንበቢያ ርቀቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይራቅ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሴንሰር ጎን ለጎን ስንተክል ይረባበሻሉ። መላ አለው?

መስኮቻቸው እየተነካኩ ነው። ጎናቸው የተሸፈነ ከሆነ በመሃላቸው ቢያንስ የአንዱን ውፍረት ያህል ክፍት ተዉ። ቦታ ከሌለ አንዱን ከሌላው ወደ ኋላ አሸሹት። የጅረቱ ድግግሞሽ የተለየ ዓይነት የሚሠሩ አምራቾችም አሉ።

ጥያቄ፦ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነን። ብናኝ ጥጥ ሴንሰሩን ይጋርደዋል?

ጥጥ፣ ዘይት፣ አቧራ አይጋርደውም። በብርሃን ከሚሠራው የሚበልጥበት ይህ ነው። የሚያታልለው የብረት ብናኝ ነው። ቶርኖ ወይም መፍጫ አጠገብ ከሆነ ፊቱን በጨርቅ ጥረጉት፤ በቢላ አትፋቁት።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምንሠራው። ከፍታውና ብርዱ ይጎዳዋል?

የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናችሁ። የነዚህ መሣሪያዎች መደበኛ ደንብ የሚያስበው እስከ 2,000 ሜትር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አየሩ መሳሳቱ የሚጎዳው በከፍተኛ ቮልት የሚሠራንና በአየር የሚቀዘቅዝን ነው። የሞተር ድራይቭ (ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካላችሁ እሱን አስቡበት፤ ከ1,000 ሜትር በላይ አቅሙ እየተቀነሰ ነው የሚሰላው። 24 ቮልት ላይ ያለች ትንሽ ሴንሰር ግን አትቸገርም። ብርዱም ችግር የለውም፤ አብዛኞቹ ከዜሮ በታች እስከ 25 ዲግሪ ይችላሉ። በጭጋጉ ጊዜ የሚያሰጋው እርጥበቱ ነው። አይፒ 67 (አቧራና ውሃ የማያስገባ) የሆነ ምረጡ፣ የሶኬቱንም ቀለበት በደንብ አጥብቁ።

ጥያቄ፦ ዳዶውን ሳጠብቅ ሁለት ኤም 5 ተቆረጠብኝ።

ያሳዝናል፣ ግን ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። የኤም 5 ግድግዳ በጣም ስስ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ሰርኪዩት ነው። ረጅም መፍቻ አትጠቀም። በጣት አጥብቀህ፣ በትንሽ መፍቻ ጥቂት ብቻ ጨምርበት። እንዳይላላ ከሰጋህ የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ ጠብታ ትሻላለች። ገመዱም ልክ ከጭራው ላይ አይታጠፍ። የሚንቀሳቀስ ክንድ ላይ ከሆነ ከጭራው ትንሽ አለፍ ብለህ እሰረው፤ እንቅስቃሴው ገመዱ መሃል ላይ ይረፍ።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩ በቀጥታ ኮንታክተር (የሞተር ትልቅ ማብሪያ) ማስነሳት ይችላል?

አይሞከር። ብዙዎቹ ትንንሾች 100 ሚሊአምፔር ነው የሚችሉት። በመሃል ትንሽ ሪሌ አስገባበት፤ በሪሌው መጠምጠሚያ ላይም ዳዮድ ይኑር።

ጥያቄ፦ መጋዘን ውስጥ የትኛውን እናስቀምጥ?

መጀመሪያ ማሽኖቻችሁን ዙሩ። መጠኑን፣ ርቀቱን፣ ፒኤንፒ ወይም ኤንፒኤን መሆኑን፣ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን፣ ባለ ሶኬት ወይም ባለ ገመድ መሆኑን ጻፉ። ከተቻለ ባለ ሶኬቱን ምረጡ፤ ሲበላሽ ገመዱን ከማሽኑ ሆድ ውስጥ መጎተት አያስፈልግም። ትንንሾቹ ላይ ጽሑፉ በዘይትና በመዳሰስ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ አዲሱ ሲተከል፣ ገና ሳይቆሽሽ፣ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱት። የተተከለበትን ክፍተትም ከፎቶው ጋር በሚሊሜትር ጻፉት። ለሌሊት ፈረቃው ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።