መልስ፦ ሰው ጣናን ሲያይ ዓይኑ የት ያርፋል?

ሰላም እህቴ። «ጣና ዳር የሚመጣ ጎብኚ የቱን እንደሚያይ በዓይን መከታተያ ማወቅ እችላለሁ? ማሽን ለርኒንጉስ ምን ያግዘኛል?» ብለሻል። አዎ፣ ትችያለሽ።

መሣሪያው የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ዓይን ላይ ያበራል። ከብሌኑና ከነጸብራቁ ተነስቶ ዓይን የት እንዳረፈ ያሰላል። ዓይናችን በአንዴ አጥርቶ የሚያየው 2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክንድሽን ዘርግተሽ የአውራ ጣትሽን ስፋት ያህል። ስለዚህ እየዘለለ ያርፋል። አንዱ ማረፊያ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይቆያል።

የማሽን ለርኒንጉ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ፎቶ የተማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ደግሞ ጎብኚው የሚያየውን ቦታ ፎቶ በየፒክስሉ (በየጥቃቅን ነጥቡ) ይለያል፤ ይሄ ውሃ፣ ይሄ ሰማይ፣ ይሄ ሕንፃ። የዓይን ነጥቦቹን ከላዩ ስትደርቢ ሰዉ ውሃው ላይ ምን ያህል፣ ሕንፃው ላይ ምን ያህል እንደቆየ ይወጣል።

እዚህ ላይ ግን አደራ። ብዙ ዝግጁ ሞዴሎች የተማሩት በውጭ ከተሞች ፎቶ ነው። ደንገልን ሣር፣ እምቦጭን ሜዳ ሊሉት ይችላሉ። ታንኳንማ ጭራሽ ላያውቁት ይችላሉ። ለእኔ የጣና ዳር ነፍሱ ደንገሉና ታንኳው ነው! እነሱ ከጠፉ ጥናቱ ስለ ጣና አይሆንም። ስለዚህ ፎቶ አንሺ፣ ራስሽ ምልክት አድርጊበት፣ ሞዴሉን አስተምሪው። ልፋት አለው፣ ግን አትዝለዪው።

ሌላው፣ ጥያቄሽ ራሱ ዓይንን ይመራል። የሶቪየቱ ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ አንዱን ሥዕል ጥያቄ እየቀያየረ ሲያሳይ የተመልካቹ የዓይን ጉዞ ይለወጥ ነበር። «የት መቀመጥ ትፈልጋለህ?» እና «ዝም ብለህ እይ» አንድ አይደሉም።

ባሕር ዳር ያለው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ በቀትር አትሞክሪ፤ ፀሐዩ ኢንፍራሬዱን ይረብሸዋል። ደመናማ ጠዋት ይሻልሻል።