ግሉኮሱ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ?

በደሴና በኮምቦልቻ የምትሠሩ ነርሶች በደም ስር ስለሚሰጥ ፈሳሽ የጠብታ ስሌት ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች መልሴ ይኸውላችሁ።

ሲስተር፣ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዘዘ። እኔ 42 ጠብታ አገኘሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ 31። ማንኛችን ነን ትክክል?

ሁለታችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ። 1000 ሚሊ ሊትሩን ቱቦው በአንድ ሚሊ ሊትር በሚሰጠው የጠብታ ብዛት አባዙና ለ480 ደቂቃ አካፍሉ። ባለ 20 ጠብታ ቱቦ ከሆነ 42፣ ባለ 15 ከሆነ 31 ይመጣል። ቁጥሩ የተጻፈው ማሸጊያው ላይ ነውና ሳታነቡ አትጣሉት። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ቱቦ እየተሰቀለ «ሁልጊዜ 42 ነው» ማለት በሽተኛን ይጎዳል፤ ይህን ልማድ እባካችሁ ተዉት።

ጠብታው ትንንሽ በሆነው ቱቦ፣ በማይክሮ ሴትስ?

በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ስለሚሰጥ፣ በሰዓት 48 ሚሊ ሊትር ከታዘዘ በደቂቃ 48 ጠብታ ነው።

ተቅማጥ ክፉኛ ፈሳሽ ያሳጣው የሁለት ዓመት ልጅ፣ 10 ኪሎ፤ ሪንገር ላክቴት 300 ሚሊ ሊትር በግማሽ ሰዓት ታዘዘለት። በባለ 20 ቱቦ ሳሰላው 200 ጠብታ መጣ። እንዴት ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ሮለሩን፣ ማለትም ቱቦው ላይ ያለውን የጠብታ መቆጣጠሪያ፣ ከፍታችሁ ከረጢቱ ላይ ያለውን መስመር ተከታተሉ፤ በየ5 ደቂቃው 50 ሚሊ ሊትር መውረድ አለበት። ካነሰ ቱቦው ታጥፎ፣ ደም ስር ውስጥ የገባው ካኑላ ቀጥኖ ወይም ከደም ስሩ ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ቀጣዩ 700 ሚሊ ሊትር በ2 ሰዓት ተኩል ስለሚሰጥ 93 ጠብታ ይሆናል፤ ያኔ መቁጠር ይቻላል። በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ ግን ይህ መጠን አይሠራም። ልቡ አይችለውም፤ የራሱ መመሪያ አለው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር ስንልክ ጠብታው መንገድ ላይ ይቀንሳል። ዳገቱ ነው?

ይበልጥ የምጠረጥረው የአምቡላንሱን ጣሪያ ነው። ፈሳሹን የሚገፋው ከረጢቱ ከበሽተኛው ክንድ በላይ ያለው ከፍታ ሲሆን፣ ዝቅ ብሎ ሲሰቀል ጠብታው ይዘገያል። ደሴ ሲደርስ ከረጢቱን ከፍ አድርጋችሁ ከሰቀላችሁት ደግሞ በድንገት ይፈጥናል። ስለዚህ መኪና ውስጥም፣ አልጋ ላይም እንደገና አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

ከሰዓቱ ወደኋላ ከቀረ ላፍጥነው?

በራስሽ አታፍጥኚ። አረጋዊን፣ የልብ ወይም የኩላሊት በሽተኛን ሳንባው ውኃ እንዲቋጥር ታደርጊዋለሽ፤ ፖታሲየም ከተጨመረበት ደግሞ ልብ ሊያቆም ይችላል። ቀሪውን መጠን ለሐኪሙ ንገሪና አዲስ ትእዛዝ ተቀበዪ። አስታማሚዎችም «ቶሎ ይለቅላት» ብለው ሮለሩን ይነካሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ለምን መንካት እንደሌለባቸው ከሰቀልሽበት ደቂቃ ጀምረሽ አስረጃቸው።